የሙምባይ ሶን ኮሊዎች፦ ቀዳሚነት፣ ባሕርና የመንደር ኑሮ

ሙምባይን ባሕር ባሕሩን ይዞ ከደቡብ ጫፏ ከኮላባ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ማኖሪና ጎራይ የሚሄድ ሰው፣ በፎቆች መካከል ተጨናንቀው የቀሩ የዓሣ አስጋሪ መንደሮችን ያገኛል። ኮሊዋዳ ይባላሉ። ዎርሊ፣ ማሂም፣ ካር ዳንዳ፣ ቬርሶቫና ማድ ከታወቁት ናቸው። የነባሮቹ ነዋሪዎች አብላጫ ሶን ኮሊ ይባላል፤ ሰፊ ከሆነው የኮሊ ሕዝብ አንዱ ቅርንጫፍ ነው። ስለ ሶን ኮሊዎች የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል «የከተማዋ የመጀመሪያ ነዋሪዎች» በሚል ሐረግ ይጀምራል፤ ብዙው ጽሑፍም እዚያው ላይ ይቆማል።

ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ሶን ኮሊን ማኅበረሰብ አድርጎ ያቆየው ምንድን ነው? ቀድሞ መስፈሩ ነው? የዘር ሐረጉ? አምልኮውና በዓሉ? ወይስ ከባሕሩና ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ያለው የሥራ ትስስር? መልሱ የአጥኚዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤቶች፣ የከተማ ፕላን ክፍሎችና የዓሣ ሀብት ቢሮዎች ከእነዚህ መልሶች አንዱን ይዘው ይወስናሉ፤ የሚይዙት መልስ በተለያየ ቁጥር የኮሊዎቹም ዕጣ ይለያያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ስም፣ ብዙ ሕዝብ

ኮሊ የሚለው ስም በምዕራብ ሕንድ እጅግ የተራራቁ ሕዝቦችን ያቅፋል። በጉጃራት ኮሊ የሚባሉት በብዛት ገበሬዎች ናቸው። በማሃራሽትራ የማሃዴቭ ኮሊዎች በፑኔ፣ በናሺክና በአህመድናጋር ምዕራባዊ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ደገኞች ናቸው። የጃውሃር ትንሽ መንግሥት ገዥዎች ከእነርሱ ወገን ነበሩ፤ በእንግሊዞች ላይ ዐምፆ በ1848 በታኔ እስር ቤት የተሰቀለው ራጎጂ ባንግሬም የእነርሱ ልጅ ነው። ማልሃር ኮሊ፣ ቶክሬ ኮሊና ዶር ኮሊ የሚባሉ ሌሎችም አሉ። ሶን ኮሊ ግን የባሕር ሰው ነው። ከተራራው ወንድሙ ጋር በስም ይገናኛል እንጂ በሥራም፣ በጋብቻም፣ በአብዛኛው ሥርዓቱም አይገናኝም።

የቅኝ ግዛት ዘመን ጸሐፊዎች ይህን ልዩነት ያውቁ ነበር። ካፒቴን ማኪንቶሽ በ1830ዎቹ ስለ ማሃዴቭ ኮሊዎች ለብቻቸው ጻፈ። ኤንቶቨን ከ1920 እስከ 1922 ባሳተመው የቦምቤይ (የሙምባይ የቀድሞ ስም) ጎሳዎችና ካስቶች መዝገብ ቅርንጫፎቹን ለይቶ ዘረዘረ። ከነፃነት በኋላ ሶሲዮሎጂስቱ ጉርዬ የማሃዴቭ ኮሊዎችን አጠና፤ ቪጃያ ፑኔካር ደግሞ በ1959 የቦምቤይ ሶን ኮሊዎችን ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ አወጣች። ይህ የመጨረሻው እስከ ዛሬ ድረስ ስለ መንደሮቹ የቀድሞ ኑሮ ለሚጠይቅ ሰው መነሻ ነው።

አጥኚዎቹ ያልተስማሙበት፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው ወይስ ስሙ ብቻ ነው የሚያገናኛቸው የሚለው ነው። የአንድ ግንድ ወገኖች ኮሊዎችን ከእርሻ ማኅበረሰቦች መስፋፋት በፊት የነበረ ነባር ሕዝብ ያደርጓቸዋል፤ ከፊሉ ወደ ተራራ፣ ከፊሉ ወደ ባሕር ተገፋ ይላሉ። ተቃራኒዎቹ ደግሞ ኮሊ የሚለው መጠሪያ በቆጠራና በግብር መዝገብ እየጠነከረ የሄደ የአስተዳደር መደብ ነው ባዮች ናቸው። ለመጀመሪያው ሐሳብ የሚቀርበው ማስረጃ በአብዛኛው ግምታዊ ነው፤ የጽሑፍ ሰነድ የለውም። ሁለተኛውም ቢሆን ስሙ ከቅኝ ግዛት በፊት ለምን በሰፊው እንደ ተነገረ አያስረዳም። ለሶን ኮሊ ጉዳይ ግን ወሳኙ ቅርንጫፉ ራሱ እንጂ ግንዱ አይመስለኝም።

ቀድሞ ማን ነበር?

ቦምቤይ ሰባት ደሴቶች ነበረች። ፖርቱጋሎች በ1534 ከጉጃራቱ ሱልጣን ባሃዱር ሻህ ተረከቧት፤ በ1661 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ቻርልስ በጋብቻ ስጦታነት ሰጧት፤ በ1668 ንጉሡ በዓመት 10 ፓውንድ ኪራይ ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አስተላለፋት። በእነዚህ ርክክቦች ሁሉ በደሴቶቹ ላይ ዓሣ የሚያሰግሩት ኮሊዎች ነበሩ። የከተማዋን ስም ያስገኘችው ሙምባ ዴቪ የተባለችው አምላክም በትውፊት የእነርሱ ጠባቂ ናት።

በ1900 ስለ ቦምቤይ አመጣጥ የጻፈው ጌርሰን ዳ ኩኛና ከሁለት ዓመት በኋላ የተከተለው ኤድዋርድስ ኮሊዎችን የደሴቶቹ ቀዳሚ ሰፋሪዎች አድርገው አስቀመጡ። የሚያቀርቡት ማስረጃ ሦስት ዓይነት ነው፦ የቦታ ስሞች፣ የአምልኮ ቦታዎች፣ እንዲሁም ሌሎቹ ካስቶች ቢምባዴቭ ከተባለ ንጉሥ ጋር ወደ ማሂም መጥተው ሰፈሩ የሚለው ዜና መዋዕል። ሌሎቹ መጡ ከተባለ ኮሊዎች ቀድመው ነበሩ ማለት ነው፤ ክርክሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ማስረጃው ቀላል የሚባል አይደለም፤ ግን ቀዳሚነትን የሚያሳየው በተዘዋዋሪ ነው። ከዚህም በላይ አግሪና ባንዳሪ የተባሉት ማኅበረሰቦች፣ ዛሬ ኢስት ኢንዲያን የሚባሉት ክርስቲያኖችም ሁሉ የአካባቢው ነባር ነን ይላሉ። የክርስቲያኖቹ ጉዳይ ራሱ ነገሩን ያወሳስበዋል። ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በፖርቱጋል ዘመን ብዙ ኮሊዎች ካቶሊክ ሆነዋል፤ ጀልባቸውም መረባቸውም ከሂንዱ ጎረቤታቸው የማይለይ ክርስቲያን ኮሊዎች ዛሬም በሰሜኑ ዳርቻ ይኖራሉ። በባንድራ የሚገኘውን የማርያም ምስል ከባሕር ያወጣው ኮሊ ዓሣ አስጋሪ ነው የሚል ትውፊትም አለ፤ በመስከረም ወር በሚከበረው በዓሏ ሂንዱ ኮሊዎች አብረው ይሳለማሉ። እንግዲህ ቀዳሚው ማኅበረሰብ በሃይማኖት ይወሰን ወይስ በሥራ?

የቀዳሚነቱ ክርክር አንድ ሌላ ጉድለት አለበት። ክብር ይሰጣል እንጂ መብት አያስገኝም። የከተማ ባለሥልጣናት በየበዓሉ «የሙምባይ ባለቤቶች» እያሉ ያሞግሷቸዋል፤ የባለቤትነት ማረጋገጫ ግን በእጃቸው አያኖሩም።

ጃንጂራ፦ ኮሊዎችና ሐበሾች

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ ታሪክ የቅርብ የሆነ አንድ ምዕራፍ አለ። ከሙምባይ በስተደቡብ በሙሩድ ፊት ለፊት ባሕር ውስጥ የቆመው የጃንጂራ ምሽግ አጀማመሩ የኮሊዎች ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው ራም ፓቲል የተባለ የኮሊ አለቃ ዓሣ አስጋሪዎቹን ከባሕር ወንበዴ ለመከላከል በደሴቲቱ ላይ የእንጨት ምሽግ አጠረ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአህመድናጋር ኒዛም ሻሂ ሹም ነጋዴ መስሎ ገብቶ፣ ወታደሮቹን በጭነቱ ውስጥ ደብቆ ቦታውን በተንኮል ያዘ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ምሽጉ ሐብሺ ወይም ሲዲ በሚባሉት አፍሪካዊ የባሕር አዛዦች እጅ ወደቀ። እነዚህ ከኢትዮጵያ ደጋና ከሌላው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል በባርነትም በወታደርነትም የተሻገሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው፤ በዚያው የደካን ዓለም መሊክ አምበር ገናና ሆኖ ነበር። ሲዲዎች ጃንጂራን የማይደፈር የድንጋይ ምሽግ አደረጉት። ማራታዎች ደጋግመው ሞክረው አልያዙትም፤ የሲዲዎች ግዛትም እስከ 1948 ቆየ።

የዚህ ታሪክ ማስረጃ እኩል ጥንካሬ የለውም። የሲዲዎቹ አገዛዝና የባሕር ኃይላቸው በሰነድ የተረጋገጠ ነው። የእንጨቱ ምሽግና የጭነቱ ተንኮል ግን የሚታወቀው በአፍ ትረካ ነው። ቢሆንም ትረካው የያዘው አንድ ቁም ነገር አለ፦ በዚያ ዘመን ኮሊ ማለት ዓሣ ሻጭ ብቻ ሳይሆን ምሽግ የሚያጥር፣ አለቃ ያለው፣ መርከበኛ ሕዝብ ነበር። ማራታዎች የባሕር ኃይላቸውን ሲያቋቁሙ መርከበኞቻቸውን ከኮሊዎች መልምለዋል።

ሁለቱ ሕዝቦች በቦምቤይም ተገናኝተዋል። የሲዲው አዛዥ ያቁት ካን በ1689 በሴውሪ በኩል ወርዶ የደሴቲቱን ሰፊ ክፍል ያዘ፤ እስከ 1690ም ቆየ። የፓርሲ ማኅበረሰብ ትውፊት ከዚህ አስከትሎ፣ ወረርሽኝ እንግሊዞችን ባዳከመበት ጊዜ ሲዲዎች ዳግም ሲመጡ ሩስቶም ዶራብ የተባለ ፓርሲ ኮሊዎችን አሰልፎ እንዳባረራቸው፣ ኩባንያውም የኮሊዎች ፓቴል (አለቃ) ብሎ እንደ ሾመው ይተርካል። የሁለተኛው ወረራ ዝርዝር እንደ መጀመሪያው የጠራ አይደለም። ሹመቱ ግን ትኩረት ይገባዋል። የተዋጉት ኮሊዎች ሲሆኑ አለቅነቱ ለሌላ ማኅበረሰብ ሰው ሄደ፤ የባሕሩ ሕዝብ በውጭ አማካይ በኩል መተዳደር የጀመረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በመንደሩ ውስጥ

የሶን ኮሊ መንደር በሦስት ነገሮች ላይ ቆሟል፦ በመረቡ፣ በሴቶቹ ንግድና ጀማት በሚባለው ጉባኤ።

መረቡ ዶል ይባላል። አፉ ሰፊ፣ ወደ ጅራቱ እየጠበበ የሚሄድ ከረጢት መሳይ መረብ ነው። ከባሕሩ ወለል ላይ በተተከሉ ግንዶች መካከል ይወጠራል፤ አስጋሪው ዓሣውን አያሳድደውም። ባሕሩ ሲሞላ ወይም ሲጎድል ውኃው ራሱ ዓሣውን ወደ ከረጢቱ ይነዳል። ፍሰቱ ጋብ ሲል ለአፍታ ጊዜ ይገኛል፤ ጅራቱ የሚሳበውና የሚራገፈው ያኔ ነው፤ ፍሰቱ ሲዞር መረቡም አፉን ይዞራል። ስለዚህ የሥራው ሰዓት የሚወሰነው በጨረቃ ነው፤ ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሲሆን ፍሰቱ ይበረታል፣ በመካከል ይላላል። ግንዶቹ የሚተከሉበት ቦታ ደግሞ የትም አይደለም። ይህ የእገሌ ቤተሰብ፣ ያ የእገሌ መንደር እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በወረቀት ያልተጻፈ የባሕር ርስት ነው ቢባል አገላለጹ ከእውነት አይርቅም። ጀልባውን የሚያዘው ታንዴል፣ ባለ ጀልባው ናኽዋ ይባላል፤ የተያዘው ዓሣ ለጀልባው፣ ለመረቡና ለጉልበቱ በድርሻ ይከፈላል።

ዶል ከሚያወጣቸው ዋናው ቦምቢል ነው። ሥጋው ውኃ የበዛበት ለስላሳ ዓሣ ስለሆነ ካልደረቀ ቶሎ ይበላሻል። ሴቶች ሁለት ሁለቱን በመንጋጋቸው ያቆላልፉና በቀርከሃ በተሠራ መስቀያ ገመድ ላይ ያሰጡታል። በጥቂት ቀናት ፀሐይ ይደርቃል፤ ለክረምቱ፣ ማለትም ባሕር ለማይወጣበት የዝናብ ወራት ስንቅና ገንዘብ የሚሆነው ይኸው ነው። በቬርሶቫ ወይም በማድ ዳርቻ ያ ረጅም የቀርከሃ መደዳ ለመንገደኛ ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ አጥር ይመስለዋል። ለመንደሩ ግን ፋብሪካውም ጎተራውም ነው። የከተማ ካርታ ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ሲቀለም ምን ያህል ኑሮ አብሮ እንደሚሰረዝ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ዓሣው መሬት ከነካ በኋላ የሴቶቹ ነው። በ1875 በተከፈተው በሳሶን ዶክና በባውቻ ዳካ የዓሣ ማራገፊያዎች ጎሕ ሳይቀድ ጨረታ የሚገቡት፣ ቅርጫት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱት፣ ደንበኛ ይዘው ዋጋ የሚቆርጡት እነርሱ ናቸው። ባለ ዘጠኝ ያርዱን ሳሪ ለሥራ እንዲመች በእግሮቻቸው መካከል አሳልፈው ይታጠቁታል፤ ወርቃቸውን በዓል ሳይጠብቁ ያደርጉታል፤ ወርቁ ቁጠባ ነው። የቤቱ ገንዘብ በሚስት እጅ ይቀመጣል። ቀድሞ በጋብቻ ጊዜ ክፍያው ከወንዱ ወገን ወደ ሴቷ ወገን ይሄድ ነበር፤ ጥሎሽ እንደምንለው ዓይነት። ይህም ሠሪ እጅ ከአባት ቤት መውጣቱን የሚያውቅ ልማድ ነው ይላሉ አጥኚዎች።

እዚህ ላይ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ሶን ኮሊ ሴቶችን ከሌላው የምዕራብ ሕንድ ሴት የላቀ ሥልጣን ያላቸው አድርጎ ያቀርባል። ሌላው ወገን ገንዘብ መያዝ ሥልጣን መያዝ አይደለም ይላል፤ ጀማቱ በተለምዶ የወንዶች ጉባኤ ነው፣ ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ እስከ ምሽት የሚዘልቀው ድካምም ከቤት ሥራ ጋር ተደራርቦ በሴቷ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም የሚሉት ይታያል። የሴቶቹ አቅም ግን ከሁለቱም ባልተነገረ አንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል፤ በገበያ ውስጥ ባለች የተወሰነች መቀመጫ ላይ። መቀመጫዋ ከሄደች ደንበኛው ይሄዳል፤ ደንበኛው ከሄደ የቤቱ ሚዛን ይለወጣል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከሰሜን ሕንድ የመጡ ወንድ ቸርቻሪዎች ወደ ዓሣ ንግዱ ሲገቡ የተነሣው ግጭት በፖለቲከኞች አንደበት የዘር ጠብ ሆኖ ቀረበ። በመሠረቱ ግን የመቀመጫ ጥያቄ ነበር። በነገራችን ላይ ዛሬ በኮሊ ጀልባዎች ላይ በቅጥር ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከኡታር ፕራዴሽ፣ ከቢሃርና ከሌሎች ግዛቶች የመጡ ናቸው፤ ስደተኛው በገበያ ተፎካካሪ፣ በጀልባ ላይ ባልደረባ ነው።

ጀማት የሚባለው የመንደሩ ጉባኤ በፓቲል ይመራል። የጋብቻ ጠብ፣ የመረብ ቦታ ክርክር፣ የበዓል መዋጮ በእርሱ ያልፋል። ከነፃነት በኋላ የተቋቋሙት የዓሣ አስጋሪ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በረዶ፣ ናፍጣና ብድር በማቅረብ ከጀማቱ ሥራ ከፊሉን ወሰዱ፤ በብዙ መንደሮች ግን ሰዎቹ አንድ ስለሆኑ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። የሠርግ ሥርዓት ደግሞ ከብራህማን ቄስ ጎን ሌላ ባለ ድርሻ አለው። ዳቭላሪን የምትባል ሴት በመንደሩ ቋንቋ የሠርግ ዜማ እየመራች ሥርዓቱን ታስኬዳለች።

በዓላቱ ከባሕሩ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ትልቁ በሂንዱ አቆጣጠር በሽራቫን ወር ሙሉ ጨረቃ የሚከበረው ናራሊ ፑርኒማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በኦገስት ይውላል። ወርቃማ መሸፈኛ የለበሰ ኮኮናት በሰልፍ ወደ ባሕር ይወሰዳል፤ ባሕሩ እንዲረጋ ይለመናል፤ ጀልባዎቹ ለአዲሱ ዘመን ይወጣሉ። በቻይትራ ወር ደግሞ ወደ ካርላ ዋሻዎች ይጓዛሉ፤ እዚያ ከጥንታዊው የቡድሂስት ዋሻ ደጃፍ የኤክቪራ መቅደስ አለ። ኤክቪራን አግሪዎችም ያመልኳታል፤ አምልኮው ለሶን ኮሊ ብቻ የተለየ ምልክት አይደለም።

ባህል በፍርድ ቤት

በማሃራሽትራ ማሃዴቭ ኮሊ፣ ማልሃር ኮሊ፣ እንዲሁም ዶርና ቶክሬ ኮሊ በሕግ «የተመዘገቡ ጎሳዎች» ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ በትምህርትና በመንግሥት ሥራ ኮታ ያገኛሉ። ሶን ኮሊ በዚያ ዝርዝር የለም፤ በግዛቱ ልዩ ኋላ ቀር መደብ ውስጥ ነው የተመደበው። ስሙ አንድ፣ ጥቅሙ የተለያየ ሲሆን ክርክር አይቀርም። በመዝገብ ላይ «ኮሊ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ማሃዴቭ ኮሊ ነኝ ብሎ ሲቀርብ ምን ይደረግ?

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 እንዲህ ያለ የማሃዴቭ ኮሊነት ጥያቄ ቀርቦለት ውድቅ አደረገ፤ በዚያው ውሳኔ የማጣሪያ ኮሚቴዎች የአመልካቹን አምልኮ፣ የጋብቻና የቀብር ሥርዓት፣ ልማድና አመጣጥ እንዲመረምሩ መመሪያ ሰጠ። ባህል ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። በከተማ ተወልዶ ያደገ ወጣት አያቱ የሚያውቁትን ሥርዓት ባለማወቁ ጎሳው የሚካድበት ዕድል ተፈጠረ። በማርች 2023 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ይህን አረመ፤ የባህል ቅርበት ፈተና ብቻውን ወሳኝ ሊሆን አይችልም፣ የቆዩ ሰነዶች ክብደት አላቸው አለ።

እርማቱ ተገቢ ነበር። ማኅበረሰብን እንደ ቆመ ነገር አይቶ የአንድ ዘመን ሥርዓቱን ለዘላለም መለኪያ ማድረግ የሚኖርበትን ሕዝብ ይበድላል። ከኤንቶቨን መዝገብ የተቀዳ የልማድ ዝርዝር የ1920ዎቹን ሰው እንጂ የዛሬውን አይገልጽም። ሆኖም ሰነድን ማስቀደምም ሰነድ ያልነበራቸውን ያስቀራል፤ ይህ ገና መፍትሔ አላገኘም።

ሞተር፣ ትሮውለርና ጨረቃ

ከ1950ዎቹ ወዲህ በመንግሥት ድጋፍ ሞተር፣ የናይለን መረብና ትሮውለር የሚባለው መረብ ጎታች ጀልባ ወደ መንደሮቹ ገቡ። መጀመሪያ ገቢ ጨመረ። ቀጥሎ ባሕሩ ሳሳ። የዶል አስጋሪዎች ጥፋቱን በትሮውለርና ፐርስ ሴን በሚባለው ትልቅ ከበባ መረብ ላይ ያደርጋሉ፤ የትሮውለር ባለቤቶች ደግሞ የዶል ጠባብ ዓይን ጫጩት ዓሣ ይጨርሳል ይላሉ። ግዛቱ የባሕር ዓሣ ሕጉን በ1981 አወጣ፣ በ2016 የፐርስ ሴን ፈቃድን ገደበ፣ በ2021 ሕጉን አጠናከረ። በ2023 ፓፕሌት የተባለውን ዓሣ የግዛቱ ዓሣ አድርጎ የሰየመው ቁጥሩ በመመናመኑ ነው። ጠቡ በባህላዊና በዘመናዊ መካከል ብቻ እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል፤ ከትሮውለር ባለቤቶችም ኮሊዎች አሉ፤ በአንድ ጀማት ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

የዝናብ ወራት ክልከላም ሌላ ውጥረት አመጣ። ቀድሞ የግዛቱ ደንብ የክልከላውን ማብቂያ ሲወስን ናራሊ ፑርኒማን ከኦገስት 15 ጋር አብሮ ይጠቅስ ነበር። ከ2015 ወዲህ በምዕራቡ ጠረፍ ወጥ የሆነ የ61 ቀን ክልከላ ጸንቶ ጁላይ 31 ያበቃል። ስለዚህ ባሕሩ በሕግ የሚከፈተው በብዙ ዓመታት ከበዓሉ በፊት ነው። የሚጠብቁ አሉ፤ የማይጠብቁም አሉ፤ ቀድሞ የወጣ ጀልባ ቀድሞ ይይዛልና መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። በዓሉ የሥራ ሕግ መሆኑ ቀርቶ ሥርዓት ብቻ ወደ መሆን እንዴት እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ የለም።

መንደር ወይስ የተጎሳቆለ ሰፈር?

የዛሬው ትልቁ ክርክር መሬት ነው። ኮሊዋዳ ጠባብ መተላለፊያ ያለው፣ ቤት በቤት ላይ የተደረበ ሰፈር ነው፤ በማሃራሽትራ የ1971 ሕግ መስፈርት ደግሞ የተጎሳቆለ ሰፈር ተብሎ ለመታወጅ ይህ ይበቃል። ከታወጀ በኋላ በ1995 በተቋቋመው የመልሶ ማስፈር ባለሥልጣን በኩል ነዋሪው በፎቅ ላይ ነፃ አፓርታማ ያገኛል፣ ቀሪው መሬት ለገንቢው ይሆናል። መኖሪያ የሌለው ስደተኛ በዚህ ሊጠቀም ይችላል። ለኮሊው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ መረብ አይጠገንም፣ ቦምቢል አይሰጣም።

በሌላ በኩል የ2011 የጠረፍ ቁጥጥር ደንብ የሙምባይ ኮሊዋዳዎች በካርታ ተለይተው የዓሣ አስጋሪ መንደር ሆነው እንዲመዘገቡ አዟል። ሁለቱ ሕጎች አንዱን መሬት በሁለት ስም ይጠሩታል። ከኮሊዎቹም ወገን አንድ ድምፅ የለም። ወላጆች ቦታውን እንዳለ ማቆየት ሲሹ፣ በቢሮ የሚሠሩ ልጆች በራሳቸው ስም ፎቅ የመሥራት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይህ ክህደት አይደለም፤ የቤተሰቡ ቁጥር ጨምሯል፣ ቤቱ አልጨመረም።

የባሕር ዳሩ አውራ ጎዳና ጉዳይ በዎርሊ ሁሉንም አንድ ላይ አመጣው። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁላይ 2019 የፕሮጀክቱን የጠረፍ ፈቃድ ሻረ፤ በዲሴምበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ። የዎርሊ አስጋሪዎች በጎዳናው ድልድይ ምሰሶዎች መካከል ለጀልባ ማለፊያ የተተወው 60 ሜትር በሞገድ ጊዜ ለጀልባ አይበቃም ብለው ዓመታት ተከራከሩ። በ2022 መጨረሻ ግዛቱ አንድ ምሰሶ ቀንሶ ስፋቱን 120 ሜትር አደረገው። ድሉ ትንሽ ቢመስልም ያስገኘው የቀዳሚነት ስም አልነበረም፤ ጀልባ በዚያ በር በየቀኑ ማለፉ ነው። በድንጋያማው ዳርቻ ውኃው ሲሸሽ ኦይስተርና ሸርጣን የሚለቅሙት ሴቶችና ሽማግሌዎች ግን ጀልባም ፈቃድም ስለሌላቸው ከሒሳቡ ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ከሙምባይ ማዶ ባለው ዳርቻም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የአካባቢ ጉዳይ ልዩ ፍርድ ቤቱ በ2015 የወደብ ማስፋፊያ ማጥመጃቸውን ላሳጣቸው 1,630 የባህላዊ አስጋሪ ቤተሰቦች ከ95 ክሮር (950 ሚሊዮን) ሩፒ በላይ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። የውሳኔው መሠረት መተዳደሪያ ነበር።

በዓሉ ብቻውን ይበቃል?

ኮሊነት ያለ ዓሣ ሊቀጥል ይችላል የሚሉ አሉ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቬርሶቫ የሚደረገውን የባሕር ምግብ ፌስቲቫል፣ የኤክቪራን ጉዞ፣ በማራቲ ዘፈን የገነነውን የኮሊ ምስል ይጠቅሳሉ። ያ ምስል ግን በከፊል የሌሎች ሥራ ነው፤ ስለ ዶል አስጋሪው የተዘፈነውን ዝነኛ ማራቲ ዘፈን የጻፈችው ሻንታ ሼልኬ ኮሊ አልነበረችም። ዘፈኑን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ የዶል ግንድ የተተከለበትን ቦታ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ማስረጃው የሚያመለክተው ወደ ሌላ ነው። ጀማቱ የሚዳኘው የመረብ ቦታ እስካለ ነው፤ ሴቷ ገንዘብ የምትይዘው መቀመጫዋ እስካለች ነው፤ ናራሊ ፑርኒማ ጀልባ የሚያወጣው ጀልባ የሚቆምበት እስካለ ነው። ከሶን ኮሊዎች ክርክሮች ጠንካራው «ቀድመን ነበርን» የሚለው አይደለም፤ «ያለ ማቋረጥ እንጠቀምበታለን» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ሌላ ማኅበረሰብ ሊፎካከረው ይችላል፤ ሁለተኛውን ማንም ሰው ጎሕ ሲቀድ ሄዶ ማየት ይችላል።

የኮሊዋዳዎች ድንበር በይፋ ካርታ ላይ ተለክቶ እስኪያልቅ ድረስ ጊዜው አላለፈም። ለካዮቹ ቤቶቹን ብቻ ቆጥረው እንዳይሄዱ። የቦምቢል ማስጫው ሜዳ፣ የጀልባ ማቆሚያው፣ ድንጋያማው ዳርቻ፣ የዶል ግንዶቹ ሥፍራና የሴቶቹ የገበያ መቀመጫ ከመንደሩ ጋር አብረው ይመዝገቡ።